ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፣ ታዲያ ለምን ግማሽ ታገኛለች?

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚባል ትምህርት ትማራለች። እኔ ቋንቋዋን ያሻሽልላታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን ሰዋስው የለ፣ የቃላት መልመጃ የለ፣ አንድ ቴአትር ይዘው ወር ከምናምን ይቀመጣሉ። እሷ አንባቢ ናት፤ ታሪኩን አንድ ሳታስቀር ትተርክልኛለች። ፈተና ሲመጣ ግን ከግማሽ አትዘልም። ለመሆኑ ምንድን ነው የሚማሩት? እኔስ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ በምን ልርዳት?
አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ አለ። «ታሪኩን ትተርክልኛለች» ብለዋል። ፈተናው ግን ታሪኩን ተርኪ አይላትም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለየቅል ናቸው። ሥነ ጽሑፉ ላይ ልጆቹ ልቦለድ፣ አጭር ልቦለድ፣ ቴአትርና ግጥም ያነባሉ፤ አንብበው ሲጨርሱ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰው ያ ያስፈራቸው ወይም ያሳዘናቸው ቦታ በየትኞቹ ቃላት እንደተሠራ ይፈትሻሉ። ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ጭብጥ፣ ተራኪ የሚባሉትን ይማራሉ። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርናቸው ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛና ምጸትም በእንግሊዝኛ ስማቸው ይመጣሉ። ስማቸውን መያዝ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ እኔ ብዙም አልጨነቅበትም። ብዙ ዓመት ሳስተምር ልጆችን ሲጥል ያየሁት ሌላ ነገር ነው።

የፈተና ወረቀቷን ያውጡና ጥያቄውን ይዩት። «ጸሐፊው የማክቤዝን ጸጸት እንዴት ያሳያል?» ዓይነት ነው የሚሆነው (ማክቤዝ የሼክስፒር ቴአትር ዋና ገጸ ባሕርይ ነው)። «እንዴት» የምትለዋ ላይ ያስምሩባት። ልጅዎ «ማክቤዝ ንጉሡን ገደለ፣ ከዚያ ተጸጸተ፣ ሰላም አጣ» እያለች አንድ ገጽ ከሞላች የመለሰችው «ምን ሆነ?» የሚለውን ነው። የጻፈችው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተጠየቀችም።

እስቲ አንድ ቦታ አብረን እንይ። ማክቤዝ ንጉሥ ዳንከንን በተኛበት ገድሎ ወጥቷል። ከዚያ ለሚስቱ የሚነግራት ነገር አለ። ሁለት ሰዎች ከእንቅልፋቸው ባንነው ሲጸልዩ ሰማሁ፣ አንደኛው እግዚአብሔር ይባርከን ሲል ሌላው አሜን አለ፣ እኔ ግን አሜን ማለት አቃተኝ ይላታል። ሚስቱ ይህን ያህል አታብሰልስለው ትለዋለች። እሱ ግን አይለቀውም። ለምንድን ነው አሜን ማለት ያቃተኝ? በረከት እንደ ዛሬ የሚያስፈልገኝ ጊዜ የለም፣ ቃሉ ግን ጉሮሮዬ ላይ ተጣበቀብኝ ይላል።

ግማሽ የሚያስገኘው መልስ «አሜን ማለት አልቻለም፣ ይህ መጸጸቱን ያሳያል» ብሎ ያልፋል። ሙሉ የሚያገኘው ልጅ ግን ቆም ይላል። «አሜን» የምትለዋ ቃል በእነዚያ ጥቂት ስንኞች ውስጥ አራት ጊዜ እንደተመላለሰች ይቆጥራል። ለጸሎት ሲፈልጋት እምቢ ያለችው ቃል አሁን ከአፉ አልለይ ብላዋለች፤ አልቻልኩም እያለ ደጋግሞ ይላታል። ደግሞ «ተጣበቀ» የሚለውን ያስተውላል። ጸጸቱ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ ጉሮሮው ላይ ወርዶ እንደ አጥንት ተሰንቅሯል። ሼክስፒር ሰውየውን «ተጸጸትኩ» አላሰኘውም። ተመልካቹ ራሱ እንዲደርስበት አደረገ። ይህን መጻፍ የቻለ ልጅ «እንዴት» የሚለውን መልሷል።

እርስዎ የሚረዷት በአንድ የአማርኛ ጥያቄ ነው። «ማክቤዝ ፈሪ ነው» ካለችዎ «ከየት አወቅሽው?» ይበሏት። መጽሐፉን ገልጣ መስመሩን ታሳይዎ፣ በአማርኛ ታስረዳዎ። ቀጥለው «ሌላ ቃል ሞልቶ ለምን ይህቺን መረጠ?» ይበሏት። መጀመሪያ ትበሳጭ ይሆናል፣ ግድ የለም። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ረጃጅም ጥቅስ በቃሏ እንድትይዝ አያስጨንቋት። ሁለት ሦስት ቃል ጠቅሳ ስለነሱ አራት አረፍተ ነገር መጻፍ፣ ስምንት ስንኝ ደርድራ ዝም ከማለት በብዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሼክስፒር ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ማንም እንደሱ አያወራም። «ዛው»፣ «ዚ» እያለ ያደክመኛል። እውነት ይጠቅመናል?
የ10ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ማድከሙስ ያደክማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለሁሉም ሰው ከባድ ናቸው። ግን አማርኛ ተናጋሪ በመሆንህ ብቻ እዚያ ቋንቋ ውስጥ ከተወለዱት ልጆች የምትቀድምበት ቦታ አለ፣ እሱም ያው ያማረርክበት «ዛው» ላይ ነው።

የዛሬ እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለሕፃኑም «ዩ» ይላል። በሼክስፒር ዘመን ግን ለአንድ ሰው ሁለት አጠራር ነበረው። «ዛው» ወደ አንተና አንቺ ይጠጋል፣ «ዩ» ወደ እርስዎ። መቼ የትኛው እንደሚባል ሁሌም የጠበቀ ሕግ የለውም፣ ነገር ግን ተናጋሪው መሐል ላይ ሲቀይር ጆሮህን አቁም።

«ሐምሌት» ላይ እናትና ልጅ የሚጋጩበትን ትዕይንት ውሰድ። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ የባሏን ወንድም አግብታለች። ትጠራውና «ሐምሌት፣ አባትህን በጣም አስቀይመሃል» ትለዋለች፣ በ«ዛው»። «አባትህ» ያለችው እንጀራ አባቱን ነው። እሱም ያንኑ አረፍተ ነገር ገልብጦ ይመልስላታል፣ «እናቴ፣ አባቴን በጣም አስቀይመዋል»፣ በ«ዩ»። «አባቴ» ያለው የሞተውን ነው። ልጅ እናቱን «ዩ» ማለቱ በዘመኑ ወግ ስለሆነ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እሷ ራሷ አንተ ማለቱን ትታ በ«ዩ» ትመልስለታለች። ወልዳ ያሳደገችህ እናት ተቆጥታ ድንገት «እርስዎ» ብትልህ ቤቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አስበው! እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለማግኘት የግርጌ ማስታወሻ ማንበብ አለበት። አንተ በደምህ አለ፣ ተጠቀምበት። ደግሞ ቴአትር ነውና በዓይንህ ብቻ አታንብበው። ከጓደኛህ ጋር ተከፋፍላችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ግማሹ ችግር እዚያው ይፈታል።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ያላነበብነው ግጥም ፈተና ላይ ይመጣል። ሳየው ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል። ከየት ልጀምር?
የ12ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ሁለት ጊዜ አንብቢው፣ ሁለተኛውን ከንፈርሽን እያንቀሳቀስሽ። ከዚያ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልጊ፤ «ግን» የሚል ቃል፣ ድንገተኛ ጥያቄ፣ ወይም ያጠረ ስንኝ ሊሆን ይችላል። 14 ስንኝ ያለው ሶኔት ከሆነ መታጠፊያው ብዙ ጊዜ 9ኛው ስንኝ ላይ ወይም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ከመታጠፊያው በፊት ያለውን ስሜት ከመታጠፊያው በኋላ ካለው ጋር አነጻጽሪ፣ ድርሰትሽ ከዚያ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች እያንዳንዱ ግጥም ሥር የተቀበረ ወርቅ ያለ ይመስለናል። አንዳንድ ግጥም ስለ ዝናብ ከሆነ ስለ ዝናብ ነው፣ ጥያቄው ዝናቡ እንዴት እንደተሰማ ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ግዴታ ነው? ማጠቃለያው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ፈተናዬ ደርሷል፣ የያዝነው የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን ልቦለድ «ቲንግስ ፎል አፓርት» ነው።
የ11ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የያዝከው መጽሐፍ ራሱ ይመልስልሃል። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 25 ምዕራፍ አለው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ተራኪው ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከኦኮንክዎና ከመንደሩ ሰዎች ጎን አይርቅም። ማጠቃለያው መጨረሻውን «ኦኮንክዎ ራሱን ሰቀለ» ይልሃል፣ ልክ ነው። የማይነግርህ ግን የመጨረሻው አንቀጽ የማን ጭንቅላት ውስጥ እንደሆነ ነው። እንግሊዛዊው የአውራጃ ኮሚሽነር ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሊጽፈው ስላሰበው መጽሐፍ እያውጠነጠነ ይሄዳል። ይህ ራሱን የሰቀለ ሰው አንድ ምዕራፍ ሊወጣው ይችላል ይልና፣ ምዕራፍስ ይበዛል፣ ደህና አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ይወስናል።

አንተ እኮ አባቱን እንዴት እንደሚያፍርበት፣ ቤቱ ያሳደገውን ልጅ ኢኬሜፉናን መትቶ የገደለበትን ቀን፣ ለልጁ ለኤዚንማ በሌሊት የሮጠውን ሁሉ አይተሃል። ያንን ሁሉ ያየ ሰው «አንድ አንቀጽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ያመዋል። አቼቤ 25 ምዕራፍ ያስነበበህ ለዚያ ሕመም ነው። ማጠቃለያውን ብቻ ይዘህ ፈተና ስትገባ የያዝከው ኮሚሽነሩ ለኦኮንክዎ የመደበለትን አንቀጽ ነው።

ማጠቃለያ አትንካ አልልህም። አንብበህ ከጨረስክ በኋላ ለክለሳ ጥሩ ነው፣ የስሞቹንም ቅደም ተከተል ያስታውስሃል። ጊዜው በጣም ካጠረህ ግን ቢያንስ 1ኛውን፣ 7ኛውንና 25ኛውን ምዕራፍ በራስህ ዓይን አንብባቸው። የመጨረሻው በጣም አጭር ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም።