ስለ ቻይኪንና ስለ ሩሲያ ሰዓት ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። የሩሲያዊውን ሰዓት ሠሪ የኮንስታንቲን ቻይኪንን «ጆከር» የተባለች የእጅ ሰዓት ፎቶ ለጥፈህ «ሩሲያ ድሮም የሰዓት ሥራ ነበራት ወይስ ሰውዬው ብቻውን የበቀለ ነው? ለጀማሪስ የትኛው ይሻላል?» ብለሃል። የሩሲያ ሰዓት ስሰበስብም ስፈታም ስለኖርኩ ትንሽ ላስረዝመው። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ብዙ ሰው ቻይኪንን የሶቪየት ፋብሪካዎች ልጅ አድርጎ ያየዋል። እኔ አይመስለኝም። ዘሩ የሚመዘዘው ከኢቫን ኩሊቢን ነው። ኩሊቢን የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሰው ነው፤ ሙያውን ራሱን በራሱ ያስተማረ። የዝይ እንቁላል የምታህል ሰዓት ሠርቶ በ1769 ለንግሥት ካተሪን አበረከተላት። በየሰዓቱ ሆዷ ላይ ያሉት በሮች ወለል ይሉና ትንንሽ ምስሎች የትንሣኤውን ታሪክ ያሳያሉ፤ ዜማም ታሰማለች። ያን ሁሉ በእንቁላል ውስጥ! ንግሥቲቱም ሰውዬውን ፒተርስበርግ አምጥታ የሳይንስ አካዳሚው ወርክሾፕ ኃላፊ አደረገችው። ሰዓቷ ዛሬ ኤርሚታዥ ሙዚየም ናት።

ቻይኪንም በ1975 እዚያው ፒተርስበርግ፣ ያኔ ሌኒንግራድ በሚባለው፣ ተወልዶ ሙያውን በራሱ የተማረ ነው። ጆከርን ሁሉም ያውቃታል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የኦርቶዶክስ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን የሚያሳየው የጠረጴዛ ሰዓቱ ነው። ይሄ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ የእኛም ፋሲካ ከሩሲያውያኑ ጋር አንድ ቀን ይውላል፣ ሁለቱም ከእስክንድርያ የመጣውን ስሌት ስለሚከተሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትና የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደት ተባዝተው በ532 ዓመት ነው ዙሩ የሚገጥመው። በየመሃሉ ቀኑ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይዘላል። እኩል የሚሽከረከር ጥርስ ብቻውን ይህን አይችልም። ሰውዬው በብረት ሠራው።

ጆከር በ2017 በስዊሱ የባዝል የሰዓት ትርዒት ላይ ወጣች። ግራ ዓይኗ ሰዓት፣ ቀኝ ዓይኗ ደቂቃ፣ አፏ ጨረቃ። ሥሯ ያለው ማሽን የስዊሱ ማሽን ሠሪ የኢታ ነው፣ ከላይ ያለው ክፍል የራሱ። «ታዲያ ምኑ ሩሲያ ነው?» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ዋናው ነገር ሐሳቡ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ክላውን» የተባለችው ሰዓቱ በጄኔቫው የሰዓት ውድድር የድፍረት ሽልማት አገኘችለት፤ በ2024 ደግሞ 1.65 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያላትን «ቲንኪንግ» አሳየ።

የፋብሪካው ታሪክ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ በ1930 የተቋቋመው ኦሃዮ ውስጥ ከከሰረ የአሜሪካ ኩባንያ በተገዛ ማሽን ነው፤ አሠልጣኞቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ጋጋሪን በ1961 ጠፈር ሲወጣ እጁ ላይ የነበረችው ሽቱርማንስኪ የዚያ ፋብሪካ ናት። ከዚያ በፊት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ወደ ሞስኮ ሲጠጋ ደግሞ የሁለተኛው የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ ማሽን በከፊል ቺስቶፖል ወደምትባል ከተማ ተወሰደና ቮስቶክ የተባለው ፋብሪካ ተወለደ።

ለጀማሪ እንግዲህ ቮስቶክ አምፊቢያ ውሰድ፣ አታቅማማ። በ1967 የወጣ፣ 200 ሜትር የሚጠልቅ ሰዓት ነው። የጀርባው ክዳን ራሱ አይዞርም፣ በቀለበት ነው የሚታሰረው፤ ስለዚህ ውኃ የሚከለክለው ጎማ አይጣመምም። ወፍራሙ የፕላስቲክ መስታወት ውኃው በገፋው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። መሙያውን ስትፈታው እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቅብሃል። አትደንግጥ፣ አልተሰበረም፤ ሆን ተብሎ እንዲላላ የተሠራ ነው። ቀን ስትቀይር እኩለ ሌሊትን አሳልፈህ፣ ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም መልሰህ፣ እንደገና ወደፊት፤ የፈለግከው ቀን እስኪመጣ ድረስ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

አባቶቻችን ሶቪየት ተምረው ሲመለሱ ያመጧቸው ራኬታና ፖልዮት የሚባሉ ሰዓቶች እቤት ካሉ መጀመሪያ እነሱን አስጠርግ፤ ዘይቱ ደርቆ ይሆናል እንጂ ማሽኑ ጠንካራ ነው። አሮጌ የምትገዛ ከሆነ ግን ከተለያየ ሰዓት ተለቃቅሞ የተገጣጠመ በሽ ነውና ክዳኑን አስከፍት። ማሽኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክትና ገጹ ላይ ያለው ስም ካልተስማሙ፣ ወይም የገጹ ጽሑፍ ወፍሮ አዲስ ቀለም ከመሰለ፣ ተወው። ከሩሲያ በቀጥታ ልታዝ ካሰብክ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ቪዛና ማስተርካርድ እዚያ ስለማይሠሩ ሌላ አገር ያለ ሻጭ ፈልግ።