ሲንጀሬን ልሽጠው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከሂርማታ ገበያ ብዙም አይርቅም። ባለትዳርና የ3 ልጆች እናት ነኝ። ለምክር አምድ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሞልቶ ገነፈለብኝ።

እጄ ሥራ አይፈታም። ዳንቴል እሠራለሁ፣ ትራስ እጠልፋለሁ፣ የልጆቼን ልብስ ከእናቴ በወረስኩት ሲንጀር የስፌት መኪና እሰፋለሁ። ዳቦ ቆሎና ጭኮ ከቤቴ አይጠፋም። ለገንዘብ ብዬ አይደለም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ችግሩ፣ የባለቤቴ ዘመዶች የኔን ደስታ የራሳቸው ንብረት አድርገውታል።

የባሰችው ታላቅ እህቱ ናት። አምና ቤቷን ስታሳድስ ለሶፋዋ፣ ለጠረጴዛዋና ለቴሌቪዥኗ ሙሉ ዳንቴል ሠራሁላት። ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ አበባ አለው። ክሩን የገዛሁት ከኪሴ ነው። ዓይኔ እስኪፈዝ ነበር የሠራሁት። ሰኔ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሶፋው ላይ ከገበያ የመጣ አብረቅራቂ ጨርቅ ተነጥፏል። የኔን ዳንቴል የጋዝ ሲሊንደሩ ለብሶታል! ቡናውን እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም።

በዚህም አላበቃችም። በሳምንቱ ደውላ «ለልጄ ምርቃት ዳቦ ቆሎ ሥሪልኝ፤ ያንቺ እጅ እኮ ልዩ ነው» አለችኝ። ዱቄት ላከች። ዘይትና በርበሬ ግን ከኔ። አሽቼ፣ አድቦልብዬ፣ ከትፌ፣ ቆልቼ ሳልተኛ ነጋ። ስልክላት ደግሞ በማግስቱ «ለስልሷል» ብላ ደወለች። የጅማን ዝናብ እኔ አላዘነብኩት!

አሁን ቡሄ እየመጣ ነው። «ሙልሙሉን አንቺ ጋግሪው፤ የልጆቹንም ልብስ ስፊው» ተብያለሁ። ጨርቁ ገና አልመጣም። እኔ ግን እሺ ብያለሁ።

ትምህርት ስለተዘጋ ቤቱም አላሳርፍ ብሎኛል። ትልልቆቹ ከጓደኞቻቸው ጋር ይውላሉ። ትንሹ፣ የ11 ዓመቱ ወንዱ ልጄ ግን ከመኪናው ሥር አይነቃነቅም። ክር ያስገባልኛል፣ ቁልፍ ይተክላል። ሲተክል ደግሞ የክብሪት እንጨት ከቁልፉ ሥር እየሰካ ይጫወታል፤ ጊዜ ያባክንብኛል። እንግዳ ሲመጣ «ተነስ ከዚህ!» እለዋለሁ፤ ሰው ምን ይላል? አባቱም አይወድለትም። «ልጁን ሴት ልታደርጊው ነው» ይለኛል፣ እየሳቀ።

ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ። ምናልባት ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። «እምቢ» የምትለዋን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። አንዴ «ክሩን አምጪ» ብላት «ለዘመድ ሂሳብ ጀመርሽ?» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ባለቤቴ ሰላማዊ ሰው ነው። ስለ መኪናው ለዓመታት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ከሐምሌ ወዲህ ግን «እንሽጠውና ተገላገዪ፤ ዘመዶቼም ይተዉሻል» እያለ ነው። ገዢም አግኝቷል። እኔም አንዳንዴ እውነቱን ነው እላለሁ። ግን የእናቴ ነው። ልሽጠው ወይስ ይቅር?

ጣቷ የዛለ፣ ከጅማ

*

እህቴ፣

የባለቤትሽ እህት ትንሽ ትቆየን። እስቲ ስለዚያች የክብሪት እንጨት እናውራ።

ልጅሽ እየተጫወተ አይደለም። ቁልፍ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ከተሰፋ፣ ጨርቁ ወፍራም በሆነ ጊዜ አልቆለፍ ይላል። ቢቆለፍም ይጨማደዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ቁልፉን ሲተክል ክብሪት ያስገባል። ሲጨርስ እንጨቷን ይመዝና በተረፈው ክፍተት ላይ ክሩን ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። ቁልፉ አጭር አንገት ያወጣል ማለት ነው። የባለቤትሽን ኮት ገልብጠሽ እይው፤ በደንብ ከተሰፋ እንደዚያ ነው የተተከለው። ይህን አንቺ አላስተማርሽውም። ብታስተምሪው ኖሮ ጨዋታ አትይውም ነበር። እንግዲህ ወይ አንድ ልብስ ሰፊ ደጅ ቆሞ አይቷል፣ ወይ ራሱ ደርሶበታል። ደጅ ቆሞ አይቶ እቤት መጥቶ የሚሞክር ልጅ ስንት አለ?

አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ባለቤትሽ እህቱ ዳቦ ቆሎ ስታስቆላሽ ባደረች ጊዜ መኪናው ይሸጥ አላለም። ዳንቴልሽን ሲሊንደር ሲለብሰውም አላለም። ያለው ከሐምሌ ወዲህ ነው። ሐምሌ ላይ ምን ተለወጠ? ትምህርት ተዘጋ። ልጁ መኪናው ሥር ተቀመጠ። ባልሽን አላውቀውም፤ ልቡንም ገብቼ አላየሁም። ግን መኪናውን ከቤት ማውጣት የፈለገው አንቺን ለማሳረፍ አይመስለኝም። እየሳቀ የተናገረውን አንቺም እየሳቅሽ አለፍሽው። እኔ አላልፈውም።

ባለቤትሽን ይዘሽው ሂርማታ ውጪ። ከስፌት መኪና ኋላ የተቀመጡትን ሰዎች ይያቸው። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የሱን ሱሪ የሚያሳጥርለት፣ ለሠርጉ ሱፉን ያስተካከለለት ማን ነበር? ለበዓል የሚደርበውን ጋቢስ ማን ሸመነው? ጥጡን የምትፈትለው ሴት ናት። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ የሚሸምነው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው። እኛ አገር ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ስፌት ብር ሲያመጣ የወንድ ሙያ ይሆናል፣ ቤት ውስጥ በነፃ ሲሠራ የሴት ሥራ ይባላል። ልጅሽ ነገ ሱቅ ከፍቶ ቢሰፋ አባቱ በኩራት ለጓደኞቹ ያሳየው ነበር። ዛሬ ከናቱ አጠገብ ሲሰፋ አፈረበት።

አንቺንም አልምርሽም። የባለቤትሽ እህት የእጅ ሥራሽን ናቀች ብለሽ ከሰላምታ እስከ ስንብት ተማረርሽ። ልክ ነሽ፣ ያማል። የልጅሽን የእጅ ሥራ ግን በአንድ መስመር «ጊዜ ያባክንብኛል» ብለሽ አለፍሽው። እንግዳ ሲመጣ «ተነስ ከዚህ» የምትይው አንቺ ነሽ። አባቱ በቀልድ የጀመረውን አንቺ በሰው ፊት ታጸኚዋለሽ። ልጁ ከሁለታችሁም የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ የምወደው ነገር ያሳፍራል። እሷ ዳንቴልሽን ለሲሊንደር አለበሰችው፣ አንቺ ልጅሽን እንግዳ ሲመጣ ደበቅሽው። ልዩነቱን ንገሪኝ።

ስለዚህ መኪናው አይሸጥም። የእናትሽ ነው፣ ያንቺ ነው፤ ባለቤትሽ ያገኘው ገዢ ላንቺ ምንሽም አይደለም።

ልጁን በደንብ አስተምሪው። ክር አታስገቢለት። ካለፈው ዓመት ደብተሩ መስመር ያለው ወረቀት ቅደጂና መርፌው ሥር አድርጊለት፤ ክር በሌለው መርፌ መስመሩን እየበሳ ይሂድ። ለዚህ አሮጌ መርፌ ይበቃል፤ ወረቀት መርፌ ያደነዝዛል። ሲንጀርሽ የእግር ይሁን የእጅ አልጻፍሽልኝም። የእግር ከሆነ መጀመሪያ ባዶውን ይርገጥ። መዘውሩ ወደ ኋላ ከዞረበት ክር ይበጥሳል፤ እግሩ እስኪለምድ ድረስ አትቆጪው። ማዕዘን ላይ ሲደርስ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ይቁም፣ ጨርቁን የሚይዘውን መርገጫ ያንሳ፣ ጨርቁን ያዙር፣ ይቀጥል። ይህችን ቶሎ ያገኛታል። ወደ ጨርቅ ሲሸጋገር ለአቡጀዲ 14 ቁጥር መርፌ ይበቃዋል። የጂንስ ሱሪ ሲመጣ 16 ቁጥር። የመጀመሪያ ሥራው የትራስ ልብስ ይሁን። ቀጥ ያለ ስፌት ነው፤ ቢጣመምም ራስ ተጋድሞበት ማን ያያል?

አንድ ነገር ግን አታድርጊ። ልጁን ለአባቱ ስጦታ አሰፍተሽ፣ አባትየው ልቡ ይራራል ብለሽ አትጠብቂ። ባይራራስ? ያን ሸክም የ11 ዓመት ልጅ ላይ አትጫኚው። ከአባቱ ጋር የምትነጋገሪው አንቺ ነሽ፤ ልጁ በሌለበት። «ሐምሌ ላይ ምን አየህ?» በይው። ዝም ካለ ቆዪው። ሰላማዊ ሰው ብለሽኛል። ምናልባት ልጅ ሆኖ እሱንም ከአንድ ነገር አስነስተውት ይሆናል።

የባለቤትሽን እህት በአጭሩ። ዳንቴሉ አንዴ ተሰጥቷል። ሲሊንደር ታልብሰው ድመት ታልብሰው የሷ ነው፤ በዚህ እንቅልፍ አትጪ። ከአሁን ወዲያ ግን ጨርቅ ሳይመጣ ስፌት የለም፣ ዘይት ሳይመጣ ዳቦ ቆሎ የለም። ታኮርፍ። ባለፈውም ሳምንት ነበር ያኮረፈችው፤ ያን ሳምንት በደንብ ሳትተኚ አልቀረሽም። «መኪና ከሌለ ይተዉሻል» የሚለው ሒሳብም አይገባኝም። ሙልሙል በስፌት መኪና አይጋገር። ቀጥሎ ምጣድሽን ልትሸጪ ነው?

ዳቦ ቆሎው የለሰለሰው ደግሞ በዝናቡ ብቻ አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ነግቶብሽ፣ ቸኩለሽ ትኩሱን ሳታሽጊው አልቀረሽም። እንፋሎቱ ታፍኖ ያለሰልሰዋል። ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቺው። የለሰለሰውን ዝግ ባለ እሳት ምጣድ ላይ ትንሽ ብታገላብጪው ይመለሳል። ይህን ንገሪያትና ራሷ ታገላብጠው።

ገዢው ሲመጣ መኪናው እንደማይሸጥ አንቺው ንገሪው፤ ባልሽ እንዲነግርልሽ አትጠብቂ።