ኮሌራ አንጀት ሳያቆስል ያን ሁሉ ውሃ ከየት ያመጣዋል?

ጥያቄ፦ ጂ-ፕሮቲን ከጂቲፒ ጋር ተጣብቆ የሴልን ሥራ ይቆጣጠራል ብለው አስተምረውናል። ሸምድጄ ለፈተና ከመጻፍ አልፎ ግን አልገባኝም። በሰው ላይ የሚታይ ምሳሌ አለው? (የባዮሎጂ ተማሪዋ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለው፣ ያውም በደንብ የምታውቂው። ኮሌራ።

መጀመሪያ ጤነኛውን እንይ። ጂ-ፕሮቲን ሥራ በሌለው ሰዓት ጂዲፒ (ጂቲፒ አንድ ፎስፌት ሲጎድለው) ይዞ የሴሉ ሽፋን ላይ በውስጥ በኩል ተለጥፎ ይቀመጣል። ከውጭ ሆርሞን መጥቶ ተቀባዩን ሲነካው ጂዲፒውን ይጥላል፣ ሴሉ ውስጥ ሞልቶ የተረፈው ጂቲፒ ደግሞ ባዶውን ቦታ ይይዛል። ያኔ አልፋ የሚባለው ክፍል ተነጥሎ ይሄድና አዴኒሊል ሳይክሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ እሱም ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ፣ ሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ሞለኪውል ያመርታል። ይሄ መጽሐፍሽ ላይ አለ። ብዙ መጽሐፍ በአንድ መስመር የሚያልፈው፣ ለኔ ግን ዋናው፣ ማጥፊያው ነው፦ አልፋ ራሱ ኢንዛይም ስለሆነ የያዘውን ጂቲፒ ቆርጦ ጂዲፒ ያደርገዋል። ማንም ሳያዘው፣ በሰከንዶች ውስጥ።

ኮሌራ የሚመታው እዚህ ጋ ነው። ባክቴሪያው ሴል ውስጥ አይገባም፣ አንጀቱ ላይ ሆኖ መርዙን ይለቃል። ሴል ውስጥ የገባው መርዝ አልፋ ላይ ያለች አንዲት አርጂኒን የተባለች አሚኖ አሲድ፣ ቁጥር 201፣ ላይ ኤዲፒ-ራይቦዝ የተባለ ሞለኪውል ይለጥፋል። በቃ፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ግን ያቺ አርጂኒን ጂቲፒውን ለመቁረጥ ታስፈልግ ነበር፣ ስለዚህ አንዴ የበራው አይጠፋም። ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ሲኤፍቲአር የተባለው የክሎራይድ በር ተከፍቶ ይቀራል፣ ክሎራይድ ወደ አንጀት ይፈሳል፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃም ይከተላል። የጠናበት ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ተቅማጡ ደም የሌለው፣ የሩዝ ውሃ የሚመስል የሆነውም ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት ነው። ሶዲየምና ግሉኮስን አብሮ የሚያስገባ ሌላ በር አለ፣ መርዙ እሱን አይነካውም። ስለዚህ ስኳሩ ለጣዕም የተጨመረ እንዳይመስልሽ፣ ጨውን ይዞ ለመግባት ነው፤ በአሁኑ አሠራር በ1 ሊትር ውስጥ ከሁለቱም እኩል 75 ሚሊሞል አለ። ጠንከር ይበል ብሎ የ1 ሊትሩን ፓኬት በግማሽ ሊትር የሚበጠብጥ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። የጠናበት ግን በኦአርኤስ ብቻ አይያዝም፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

መርዙ ማጥፊያውን እንደሚይዝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፣ ኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ በቱርክ ዶሮ ቀይ የደም ሴል ላይ። ጂ-ፕሮቲንን ያገኙት ጊልማንና ሮድቤል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ኖቤል ወሰዱ። የትክትክ መርዝ የሚሠራው በሌላው በኩል ነው፤ አዴኒሊል ሳይክሌዝን የሚገታውን ጂ-ፕሮቲን ከተቀባዩ ያለያየዋል። ካንሰር ላይ ደግሞ ኬራስ የተባለ የጂ-ፕሮቲኖች ትንሽ ዘመድ በሚውቴሽን ምክንያት እንደበራ ይቀራል፤ አሜሪካ ውስጥ እሱን በቀጥታ የሚይዝ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።