ሲአርፒ ስለ ስሜታችን ምን ይነግረናል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ የማይለቅ ሕመምና የማይነሳ መንፈስ።

«ሩማቶይድ አርትራይተስ አለብኝ። መገጣጠሚያዬ ሲያብጥ ሰው ማየት ያስጠላኛል። ቤት ውስጥ ‹ጠንከር በይ› ይሉኛል። ስንፍና ነው እንዴ?»

ኧረ በፍጹም፣ እህቴ። ጉንፋን ሲይዝሽ አስታውሺ። ምግብ ያስጠላል፣ ወሬ ይሰለቻል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ መጠቅለል ያምርሻል። ይህን የሚያመጣው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። የመከላከያ ሴሎችሽ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ፤ ኢንተርሉኪን 6 አንዱ ነው። መልእክቱ በደምና በነርቭ አንጎል ይደርሳል፤ አንጎልም ያስተኛሻል። ጉንፋኑ ግን በሳምንት ይለቃል፤ በሩማቶይድ አርትራይተስ የመከላከያ ሴሎችሽ የገዛ መገጣጠሚያሽን ስለሚያጠቁ ያንቺ ብግነት (እብጠትና ሕመም የሚያመጣው የመከላከያ ምላሽ) አይለቅም።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ሕመም በኢንተርፌሮን ይታከም በነበረ ጊዜ የሆነውን ንገሪያቸው። ኢንተርፌሮንም ከነዚሁ መልእክተኞች አንዱ ነው። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነክቷቸው የማያውቁ ብዙ ሕሙማን መርፌውን በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ድባቴ ውስጥ ገብተዋል። ጠንካራ የተባሉትም ጭምር።

«ሲአርፒዬ 12 ወጣ። ድባቴ አለብኝ ማለት ነው?»

አይደለም። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ በደም ምርመራ ይለካል። በኢንፌክሽን፣ በውፍረት፣ በሲጋራም ይጨምራል። ድባቴ ባለባቸው ሰዎች በአማካይ ከፍ ይላል፤ የብዙዎቹ ግን ደህና ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ያሰኘህ ነገር ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅህ ሐኪም ከቁጥሩ ይበልጣል።

«ታዲያ የብግነት መድኃኒት ድባቴን አያድንም?»

ተሞክሯል። በ2013 በወጣ ጥናት፣ የተለመደው ሕክምና ያልሠራላቸው 60 የድባቴ ሕሙማን ተካፍለው ነበር። ግማሾቹ ኢንፍሊክሲማብ የተባለ የብግነት መድኃኒት፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። በጥቅሉ ሲታይ ልዩነት የለም። ሲአርፒያቸው ከ5 በላይ የነበሩት ግን የተጠቀሙ ይመስላል። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ድባቴ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለጊዜው ግን ለድባቴ ብለሽ የምትጠይቂው መድኃኒት አይደለም።

«እናቴ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ላይ ናት። ድካሟ ከበሽታው ነው ከሐዘን?»

ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስም አለ። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት የኩላሊት ሕመምም የድባቴም ምልክት ስለሆኑ ብዙ አይለዩልሽም። ሌላውን ተመልከቺ። የምትወደው ሰው ሲመጣ ፊቷ ይፈታል? «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት አብዝታለች? «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ንገሪ፣ ብቻዋንም አትተያት።