ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እና የማርክ ኖፍለር ድምፅ

ጥያቄ፦ እዚሁ ሐዋሳ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ቅዳሜና እሑድ ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ያለኝ ያገለገለ፣ በስትራቶካስተር ቅርጽ የተሠራ ባለ 3 ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ፣ ከማግኔትና ከሽቦ ጥቅልል የተሠራ ክፍል) ጊታር ሲሆን የቀድሞው ባለቤት መካከለኛውን ፒክአፕ አስለውጦታል። ለዓመታት የምመኘው የሮክ ባንዱን የዳየር ስትሬትስን ጊታሪስት፣ የማርክ ኖፍለርን ድምፅ ነው፤ ነገር ግን ፒክአፖቹን የሚያማርጠውን ስዊች በ2ኛው ወይም በ4ኛው ቦታ ሳደርገው ድምፁ ይቀጥናል፣ ይደክማል፣ በአፍንጫ የሚወጣም ይመስላል። ጓደኞቼ ፒክአፖቹን በሙሉ በውድ እንድቀይር፣ በቶን መቆጣጠሪያው ላይ ያለውን ካፓሲተር እንዳስለውጥ፣ እዝዝ የሚለውን ድምፅ ለማጥፋትም እንጨቱን አስፈልፍዬ ሃምበከር የሚባለውን ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ እንዳስገባ ይመክሩኛል። ጊታሩን የምሰካው በቀጥታ በሆቴሉ ሚክሰር ላይ ነው። ይህን ሁሉ ባደርግ ድምፁን አገኘዋለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እንጨቱን እንዳያስፈልፍሉ አደራ እላለሁ። ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀው አግኝቻለሁ፤ አንደኛው ጊታርዎ ላይ ያለ ብልሽት ሲሆን ሁለተኛው ምኞትዎ ነው። ብልሽቱ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን በማለዋወጥ የሚስተካከል ይመስለኛል። ምኞትዎን በተመለከተ ግን፣ ከአንድ ታዋቂ ተጫዋች ድምፅ ውስጥ ከጊታሩ የኤሌክትሪክ አሠራር የመጣውን ያህል በብየዳ ልንደርስበት እንችላለን፤ ከጣቱ፣ ከአምፕሊፋየሩና ከቀረጻው የመጣውን ግን ጊታሩን ከፍተን ብንፈልገው አናገኘውም።

ስለ ብልሽቱ ልጀምር። ስዊቹ በ2ኛው ቦታ ሲሆን የብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል)ና የመካከለኛው ፒክአፕ፣ በ4ኛው ቦታ ሲሆን ደግሞ የመካከለኛውና የአንገቱ ፒክአፕ በአንድነት ይሠራሉ። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱም ፒክአፖች በአንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ ካመነጩ ይደጋገፋሉ፤ አንደኛው በተቃራኒው ከተያያዘ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ስለሚጎትት የጋራ የሆነው ነገር ይጣፋል። ዝቅተኛውን ድምፅ ሁለቱም ፒክአፖች በተቀራረበ መልኩ ስለሚያነሡት መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው፤ የሚተርፈው ሹሉና ቀጭኑ ብቻ ይሆናል። እርስዎ «በአፍንጫ የሚወጣ» ያሉት ይህንኑ ነው። ጉድለቱ በ2ኛውም በ4ኛውም ቦታ ስለሚሰማ፣ በሁለቱም ላይ የሚሳተፈው ደግሞ መካከለኛው ፒክአፕ ብቻ ስለሆነ፣ የተለወጠው ፒክአፕ በተገላቢጦሽ መያያዙን አልጠራጠርም። ለብቻው ሲሠራ ምንም ጉድለት የማያሳየው ለዚህ ነው፤ የገጠመው ሰውም በዚያ ምክንያት ሳያስተውለው ቀርቶ ይሆናል።

የሚያስገርመው ነገር፣ እርስዎ እንደ ብልሽት የቆጠሩትን ይህን ድምፅ ፈልገው ጊታራቸውን የሚያስነኩ ሰዎች መኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሊትዉድ ማክ የተባለውን ባንድ የመሠረተው ጊታሪስት ፒተር ግሪን ይጫወትበት በነበረው በ1959 በተሠራው ጊብሰን ሌስ ፖል ላይ፣ በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ ማግኔት ተገልብጦ ነበር። በዚህም ምክንያት ስዊቹ መካከል ላይ ሆኖ ሁለቱም ፒክአፖች በአንድነት ሲሠሩ ጊታሩ ያንን ባዶና የሚያዝን የሚመስል ድምፅ ይሰጥ ነበር። ጊታሩ ከእርሱ ወደ ጋሪ ሙር፣ በኋላም ወደ ሜታሊካው ከርክ ሃሜት እጅ ሲተላለፍ ያ የድምፅ ቀለም አብሮት ሄዷል። ስለዚህ «ጊታርን በማሻሻል የታዋቂ ሰው ድምፅ ይገኛል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ቢያንስ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ መልሴ «አዎን፣ በጣም ይቀርባል» የሚል ነው፤ ምክንያቱም ልዩ የሚያደርገው ነገር የተወለደው ከማግኔት ነው። የእርስዎ ችግር የኖፍለርን ፈልገው የግሪንን ማግኘትዎ ነው።

ወደ ማስተካከያው እንሂድ። ሽቦ ከመንካትዎ በፊት አንዲት ትንሽ ኮምፓስ ያግኙና በብሪጁ ፒክአፕ ራስ ላይ፣ ቀጥሎም በመካከለኛው ላይ ያስጠጓት። መርፌዋ በሁለቱ ላይ የተለያየ ጫፏን ካዞረች ማግኔቶቹ ተቃራኒ ናቸው፤ እንዲህ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፣ የመካከለኛውን ሁለት ሽቦዎች ስናለዋውጥ ቀጭኑ ድምፅ ወፍሮ ይመለሳል፤ እኛ ሀም የምንለው እዝዝታም በእነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ በእጅጉ ይቀንሳል። መርፌዋ በሁለቱም ላይ አንድ ጫፏን ካሳየች ግን ሽቦውን ስናለዋውጥ ድምፁ ቢስተካከልም ሀሙ በተቃራኒው ይጨምራል። ይህ እንዳያስደነግጥዎ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ስትራቶካስተሮች ሦስቱም ፒክአፖቻቸው አንድ ዓይነት ስለነበሩ ሀም በየትኛውም ቦታ ላይ አይጠፋላቸውም ነበር፤ ኖፍለር ዝነኛ ያደረገው ቀዩ ጊታርም የ1961 ሥሪት ነው። የሚለዋወጡት ከስዊቹና ከቮልዩሙ ጀርባ የተበየዱት ሁለቱ የፒክአፑ ሽቦዎች ናቸው። በፒክአፑ ላይ የተጠመጠመውን፣ ከጠጉር የማይወፍረውንና ወደ 8,000 ዙር የሚደርሰውን ሽቦ በምንም ዓይነት አይንኩት፤ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ፒክአፑ ሞተ ማለት ነው። ፒክአፑ የብረት ክዳን ካለውና ክዳኑ ከአንደኛው ሽቦ ጋር ከተያያዘ ደግሞ መጀመሪያ እርሱን መለየት ስለሚያስፈልግ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉት።

ይህ ከተደረገ በኋላ ከኖፍለር ድምፅ ውስጥ የጊታሩ ድርሻ የሆነው በአብዛኛው በእጅዎ ገብቷል። በ1978 የወጣውና በዓለም ያስተዋወቀው «ሰልታንስ ኦፍ ስዊንግ» ላይ የሚሰማው የብሪጁና የመካከለኛው ፒክአፕ ጥምረት ነው፤ ማለትም የእርስዎ 2ኛ ቦታ። ጥንት ስዊቹ 3 ቦታ ብቻ ስለነበረው ተጫዋቾች በሁለት ቦታዎች መካከል አጣብቀው ያቆሙት ነበር፤ የስትራቶካስተር አምራች የሆነው ፌንደር ባለ 5 ቦታውን ስዊች ማስገባት የጀመረው በ1977 ነው። ስለዚህ ውድ ፒክአፕ ለመግዛት አይቸኩሉ። በርካሽ ጊታሮች ላይ ያሉት ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ ከሥር የሴራሚክ ማግኔት የተለጠፈባቸው ሲሆኑ፣ የቀድሞዎቹ ግን ከክሮቹ ሥር የቆሙት ስድስቱ ዘንጎች ራሳቸው የአልኒኮ ማግኔት ናቸው። ልዩነቱ ይሰማል፣ አልክድም፤ ነገር ግን ጊታሩን በሚክሰር እየተጫወቱ ይህን ልዩነት ለመስማት መሞከር በመኪና መስኮት ወጥ እንደማሽተት ነው።

ትልቁ ጉድለትዎ እንግዲህ ሚክሰሩ ነው። እንዲህ ያለው ፒክአፕ የሚሰካበት መሣሪያ ወደ 1 ሜጋ ኦህም (1,000 ኪሎ ኦህም) የሚጠጋ የኤሌክትሪክ መቋቋም ያለው መግቢያ እንዲኖረው ይፈልጋል፤ የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኦህም ብቻ ስለሆነ ፒክአፑን ይጫነዋል፤ ጥርት ያለው ቀጭኑ የድምፁ ክፍልም ከመነሻው ይታፈናል። ከዚህ በላይ፣ የጊታር አምፕሊፋየር ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ አጥብቆ ይቀንሳል፤ የአዳራሽ ስፒከር ግን ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ክፍል ስላለው የክሩን ጭረት ሁሉ ያስተጋባል። ሚክሰር ላይ የተሰካ ጊታር በአንድ ጊዜ የታፈነና የሚኮሰኩስ የሚሆነው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች ነው። ለፒክአፕ ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር ቢያውሉትና ከፊቷ ማይክሮፎን ቢያቆሙ እመርጣለሁ። አቅሙ ለጊዜው ከሌለ፣ የስፒከር ማስመሰያ ያለው ፔዳል በጊታሩና በሚክሰሩ መካከል ያስገቡ፤ ሁለቱንም ችግር በአንድነት ያቃልላል።

ስለ ሃምበከር የተሰጠዎትን ምክር የምቃወመው ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። ሃምበከር ሁለት ጥቅልሎችን በተከታታይ አያይዞ ሀምን የሚያጠፋ መልካም ፒክአፕ ነው፤ ሆኖም ድምፁ ወፍራምና ጠቆር ያለ ስለሆነ፣ ሀሙን ለማጥፋት ብለው የሚመኙትን ድምፅ ራሱን ያጠፋሉ ማለት ነው። አንድ ደንበኛ እንዲሁ አስፈልፍሎ ካመጣልኝ በኋላ ጉድጓዱን በእንጨት ደፍኜ የቀድሞውን ፒክአፕ መልሼለታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ፣ ጊታሩም ጠባሳ ይዞ ቀረ። ሀምን ለመቀነስ የፒክአፖቹን ጎድጓዳ ክፍል በመዳብ ወረቀት መሸፈንና ወረቀቱን ከግራውንድ ጋር ማያያዝ፣ ከብሪጁ ወደ ግራውንድ የሚሄደው ሽቦ አለመበጠሱን ማረጋገጥ፣ ሲጫወቱም ከመብራት ማደብዘዣና ከትራንስፎርመር ራቅ ማለት ይጠቅማል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ ክሩን ይዘው ከንፈርዎ ማይክሮፎን ሲነካ ኤሌክትሪክ የሚነዝርዎ ከሆነ መድረኩ የመሬት መስመር የለውም ወይም መስመሩ ተበላሽቷል ማለት ነውና፣ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አይጫወቱ። ይህ የድምፅ ጉዳይ አይደለም፣ የሕይወት ነው።

ገንዘብ ከማያስወጡት ማስተካከያዎች ውስጥ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጣው የፒክአፕ ከፍታ ነው። ክሩን በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች (ፍሬቶች) በመጨረሻው ላይ ተጭነው ከፒክአፑ ራስ እስከ ክሩ ሥር ይለኩ፤ በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። የአልኒኮ ዘንግ ያላቸው ፒክአፖች ከዚህ ይበልጥ ከተጠጉ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስብ፣ በተለይ ወፍራሙ ክር ወደ አካሉ በቀረቡት ፍሬቶች ላይ ሲጫወቱት የተቃኘ ሆኖ ሳለ ያልተቃኘ ይመስላል። ብዙ ሰው መቃኛውን ሲወቅስ የኖረበትን ችግር በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ብቻ ፈትቼ አውቃለሁ። ካፓሲተሩን ተዉት፤ የቶን መቆጣጠሪያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ድርሻው እጅግ ትንሽ ነው፣ ሲዘጋም የሚወስነው መጠኑ እንጂ ዋጋው አይደለም።

አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ። ኖፍለር በዚያ ድምፅ ሲጫወት ፒክ (ክር መምቻ ቁራጭ) አይዝም፤ በአውራ ጣቱና በሁለቱ ተከታይ ጣቶቹ ይመታል፤ ግራኝ ሆኖ ሳለም ጊታሩን የሚይዘው እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። የጣት ሥጋ ክሩን ሲለቅ ከፒክ ይልቅ ሰፊ ስለሆነ ሹሉን ድምፅ ያለሰልሳል፤ ጣቱ ክሩን ሳብ አድርጎ ሲለቀው ደግሞ ክሩ ፍሬቱን መትቶ ጠቅ የሚል መነሻ ይሰጣል። የሚመቱበት ቦታም እንዲሁ ወሳኝ ነው። ክርን ልክ እኩሌታው ላይ ቢመቱት 2ኛው፣ 4ኛውና ሌሎቹ ጥንድ ንዝረቶች ይጠፋሉ፣ ድምፁም ክብና ባዶ ይሆናል፤ ወደ ብሪጁ በቀረቡ ቁጥር ቀጫጭኖቹ ንዝረቶች ይበዛሉ። ይህን የክራር ተጫዋች ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ያው ክራር፣ ያው ትዝታ፣ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፣ በመካከላቸው የተለወጠ ሽቦ ሳይኖር። በመሆኑም ሽቦው ከተስተካከለ በኋላ ፒኩን አስቀምጠው አንድ ወር ያህል በየቀኑ በሦስት ጣት ይለማመዱ፤ በስልክዎ እየቀዱም የመጀመሪያውን ቀን ከመጨረሻው ጋር ያነጻጽሩ።

ከጆሮ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ወጣት የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት የነበረውን የሰላም ስዩምን ድምፅ እንዳወጣለት ጠይቆኝ፣ መነሻ የሰጠኝ ከካሴት የተቀዳ ከዚያም በስልክ ተጨምቆ የተላለፈ ዘፈን ነበር። በእያንዳንዱ ግልባጭ ላይ ቀጫጭኑ ድምፅ እየተሸረሸረ መጥቶ፣ እርሱ የሚያፈቅረው ድምፅ ግማሹ የጊታሩ ሳይሆን የካሴቱ ነበር። እርስዎም ማነጻጸሪያ የሚያደርጉት ቅጂ ጥራት ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ጊታሩን ከማይገኝ ነገር ጋር ስናወዳድር እንከርማለን።

ኮምፓሷ ያሳየችዎትን ይጻፉልኝ። ብየዳውን እኔ እንድሠራው ከፈለጉ ጊታሩን ክሮቹን ሳያወልቁ ይዘው ይምጡ፤ አንገቱ በክሮቹ ውጥረት ሥር ሆኖ ምን ያህል እንደጎበጠ ማየት ስላለብኝ ነው። የቀድሞው ባለቤት የአሮጌውን መካከለኛ ፒክአፕ ካልጣለውም ይለምኑትና አብረው ያምጡልኝ፤ ምናልባት የምንፈልገው እርሱ ይሆናል።