ቦርዶ ላይ ሻቶ ለመከራየት ላሰብሽው እህቴ፦ ከፎቶው በፊት ቀብዱን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት፤ ሳልመልስልሽ መተኛት አልቻልኩም። 18 ሆናችሁ፣ እናትና አባታችሁን ከአዲስ አበባ፣ ወንድሞቻችሁን ከአሜሪካ ጠርታችሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ፈረንሳይ፣ ቦርዶ የወይን አገር ውስጥ ጥንታዊ ሻቶ (የወይን እርሻ ግንብ ቤት) ለአንድ ሳምንት ልትከራዩ አስባችኋል። እኛም ልክ እንደናንተ ነበርን። 16 ሰው፣ ያው መስከረም፣ ያው ቦርዶ። ስለ ትኬትና ስለ ሰፈር ምርጫ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የምነግርሽ አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ባለማወቃችን 8,400 ዩሮ ከፍለን ወላጆቻችን ያልተገኙበትን ድግስ እንዴት እንደደገስን ነው።

1. ውሉ ላይ የቅድሚያ ክፍያው በምን ስም እንደተጻፈ ሳታዪ አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ።

ፈረንሳዮች ለቅድሚያ ክፍያ ሁለት ቃል አላቸው። አንደኛው ሲነገር «አር» ነው፤ ሲጻፍ ኤ፣ ሁለት አር፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤስ። ይሄ የኛው ቀብድ ነው። ተከራይ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ትቶ ይሄዳል፤ ያከራየው ሰው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ሁለተኛው «አኮንት» ይባላል። እሱ ቀብድ አይደለም፤ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ የተከፈለ የመጀመሪያው ክፍል ነው። አንዴ ከፈረምሽ መጣሽም ቀረሽም ሙሉውን ዕዳ ተሸክመሻል ማለት ነው።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው፤ ፈረንሳይኛ አልችልም። ውሉን በስልኬ መተርጎሚያ አስገብቼ «አንዛሉንግ» ብሎ አወጣልኝ፤ በጀርመንኛ ቅድሚያ ክፍያ ማለት ነው። ሁለቱንም ቃል እንደዚያ ነው የሚተረጉመው። ለአባዬ ደውዬ ነገርኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ ሱቅ ሲከራይና ሲያከራይ የኖረ ሰው ነው። «ቀብድ ከሆነ ምን ያሰጋሻል? ቢበዛ ቀብዱ ነው የሚቀርብን» አለኝ። በኛ ሕግ አልተሳሳተም። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ የሚለውም የፈረንሳዮቹ ሕግ ስለ «አር» ከሚለው ጋር አንድ ነው። አባዬ የተናገረው እውነት ነበር፤ የፈረምኩት ወረቀት ላይ ያለው ቃል ግን ሌላ ነበር። የካቲት ላይ ፈርሜ 30 በመቶውን፣ 2,520 ዩሮ፣ የዚያኑ ዕለት ላክሁ።

ደግሞ እዚህ አውሮፓ ስንኖር የለመድነው ነገር አለ፤ በኢንተርኔት የገዛነውን በ14 ቀን ውስጥ መመለስ። ቀኑ ለተወሰነ ማረፊያ ይሄ መብት የለም። እኔ ያለ መስሎኝ ነበር።

2. የወላጆችሽን ቪዛ ከሻቶው በፊት አስቢ።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አሰጣጥ ላይ ገደብ አደረገ። መልስ የሚሰጥበት 15 ቀን 45 ቀን ሆነ፤ ብዙ ጊዜ መግቢያ የሚያስችለውም ቪዛ ቀረ። እኛ ውሉን ስንፈርም ይሄ አልነበረም። ወላጆቼና አክስቴ ቀጠሮ ያገኙት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ሻቶው ደግሞ ከሴፕቴምበር 7 እስከ 14 ነበር፤ መሐል ላይ በ11 እንቁጣጣሽ ይውላል ብለን።

ማመልከቻ የሚቀበለው ቦታ ያለችው ልጅ እናቴን እንዴት እንዳናገረቻት እስካሁን ስሰማው ያመኛል። ውሉ በኔ ስም ነው፤ የወላጆቼ ስም የለበትም። «ይሄ ሆቴል አይደለም፣ እናንተስ የት ነው የምታድሩት?» አለቻት። እማዬ «ልጄ ናት የተከራየችው» ብትላት ወረቀቱን በጣቷ ገፍታ መለሰችላት። የ71 ዓመት ሴት፣ ሰው ፊት። ከዚያ ከሚያርፉበት ቀበሌ የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫ አምጡ ተባለ። ወደ መንደሩ ማዘጋጃ ቤት ደወልኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ብቻ ነው የሚከፍቱት። ሦስተኛው ሙከራዬ ላይ አንዲት ሴት አነሳችና ይሄ ማረጋገጫ እንግዳ በራሱ ቤት ለሚቀበል ነዋሪ እንጂ ለተከራይ እንደማይሰጥ ነግራኝ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ስልኩን ዘጋችው። የተናገረችው ትክክል ነው፤ አዘጋጓ ግን። እንግዲህ አንዱ ቢሮ አምጡ ይላል፣ ሌላው አልሰጥም ይላል፤ ቀኑ ደግሞ ይሄዳል።

የሚያስፈልገው ምን እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አከራዩ ራሱ በፈረንሳይኛ አንድ ገጽ ይጽፋል፦ የቤቱ አድራሻ፣ የምታድሩበት ቀን፣ የሁላችሁም ስም ፓስፖርት ላይ እንዳለው። ይሄን ከውሉ ጋር አያይዙት። ማመልከቻውን ደግሞ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ አንድ ቀን እንዳታባክኑ።

ነሐሴ ደረሰ፣ ቪዛው የለም። ቀሪውን 5,880 ዩሮ የምንከፍልበት ቀን ከመድረሱ በፊት ሻቶውን ላከራየችን ወኪል ጻፍኩላት፦ ቀብዱ ይቅርብን፣ ቀኑን ትተነዋል፣ ጥቅምት ላይ ቦታ ካለ እንከራያለን። መልሷ ሁለት መስመር ነው። የከፈላችሁት አኮንት ነው፤ ቀሪውን በቀኑ ክፈሉ። ደወልኩላት። ስለ ወላጆቼ፣ ስለ ቪዛው፣ ስለ በዓሉ ነገርኳት። «ማዳም፣ ፈርመዋል» አለችኝ። ሌላ ነገር ስናገር አሁንም «ማዳም፣ ፈርመዋል»። የሸማቾች ጉዳይ የሚያውቅ ሰው አማከርኩ፤ ውሉ ግልጽ ነው አለኝ። ከነጋዴ ጋር የተደረገ ውል ዝም ካለ የፈረንሳይ ሕግ ክፍያውን እንደ «አር» ነው የሚቆጥረው፤ የኛ ግን ዝም አላለም፣ አኮንት ብሎ ጽፏል። ድንበር ተሻጋሪ ጉዳይ ላይ በነጻ የሚያማክሩ የአውሮፓ የሸማቾች ማዕከላት በየአገሩ አሉ፤ የጀርመኑ ኬል ከተማ ነው። አንቺ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂያቸው። እኔ የጠየቅሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ከፈልን። 13 ሆነን ሄድን። ለየራሳችን 525 ዩሮ ነበር የተነጋገርነው፤ የሦስቱን 1,575 እኔና ወንድሞቼ ተካፈልነው። የእንቁጣጣሽ ዕለት ረጅሙ የኦክ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወንበር ባዶ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ወንበሩ ላይ አቁሞ እማዬን በቪዲዮ አስገባት። መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ የሻቶው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ድንጋይ ነው፣ ኢንተርኔት አያሳልፍም። «ደህና ናችሁ ልጆቼ? አበባ አገኛችሁ?» ስትል ተቋረጠ። የሦስቱም ፓስፖርት የተመለሰው እኛ ቁልፉን ካስረከብን ከ9 ቀን በኋላ ነው።

3. ሻቶ የሚለው ስም አያታልልሽ።

ቦርዶ ላይ ሻቶ ማለት መጀመሪያ ነገር የወይን እርሻና መጥመቂያ ማለት ነው። ናፖሊዮን 3ኛ ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ባዘዘው የ1855 የወይን ጠጅ ደረጃ ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉም ማለት ይቻላል ዛሬ ሻቶ ይባላሉ፤ ግንብና ማማ ያላቸው ግን ሁሉም አይደሉም። ተራ የገበሬ ቤትም በጠርሙሱ ላይ ሻቶ ነው። የኛው የመጀመሪያው እውነተኛ ግንብ ነበር፣ ማማም ነበረው። ነገር ግን መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ደረጃው ጠመዝማዛ ድንጋይ ነው፣ መደገፊያ የለውም። ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ ምስማር መምታት አይቻልም፤ አሳንሰር የለም፣ አየር ማቀዝቀዣ የለም። ያኔ ወላጆቼ ቢመጡ ኖሮ የአባዬ ጉልበት ያን ደረጃ አይወጣም ነበር፤ ይሄን አስቤ አላውቅም፣ ያየሁት ፎቶ ነበር። ምድር ቤት አልጋና ሻወር ስንት ነው ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያው ስንት ሊትር እንደሆነም ጠይቂ፤ የኛ ከአምስተኛው ሰው በኋላ በረዶ ነበር።

ስትገቢ ቤቱን በሙሉ በቪዲዮ ቅረጪ፤ ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ ምንጣፉን። እኛ ስንወጣ ወለሉ ላይ ቀድሞ በነበረ ጭረት ከመያዣው 300 ዩሮ ቆረጡብን፤ ማስረጃ አልነበረኝም።

4. ወጥ ቤቱ።

እንጀራ ልትጋግሩ ምጣድ ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ እኛም ይዘን ነበር። የፈረንሳይ ቤት የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይል በውል የተወሰነ ነው፣ ካለፈ ቆጣሪው ራሱ ይዘጋዋል። ምጣዱ፣ ምድጃውና ማፍያው አንድ ላይ ሲበሩ ግንቡ በሙሉ ጨለመ። ቆጣሪው ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ በዶፍ ዝናብ በሞባይል መብራት ሄድን። ስንት ኪሎ ቮልት አምፔር እንደሆነ ጠይቂ። 6 ካሉሽ ምጣዱን ብቻውን አብሪው። ምድጃቸው ኢንዳክሽን ከሆነ የሸክላ ጀበና አይሠራም፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዢ። ለእናትሽ ደግሞ ቀድመሽ ንገሪያት፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቅቤም ቋንጣም ኤርፖርት ላይ ይቀራል። በርበሬና ሽሮ ትያዝ። ቅቤውን እዚያው አንጥሩት፤ የፈረንሳይ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር እማዬ ራሷ አመስግናዋለች።

አዎ፣ እማዬ በመጨረሻ መጣች። ይሄን የምጽፍልሽ ለዚህም ነው፣ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ሁለተኛውን ያደረግነው በሜይ 2025 ነው፣ ከ17 እስከ 24። ወሩን የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። መስከረም የወይን ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ይወደዳል፣ የመልቀሚያ መኪናው ገና ሳይነጋ መስኮትሽ ሥር ይጮኻል። በዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 20 ስለዋለ ሜይ በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሌለ ወላጆቼ በነጻነት በሉ። ዋጋውም 6,900 ሆነ። በዚህኛው ወኪል አልፈለግሁም፣ ባለቤቱን ራሱን አገኘሁት፤ ከሊቡርን ከተማ ብዙ የማይርቅ ቤት ያለው ሽማግሌ ነው። በፈረንሳይኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጽፌ ላክሁለት። አንድ፣ የምንከፍለው 1,725 ዩሮ «አር» ነው። ሁለት፣ የቪዛ ክልከላ ደብዳቤ ካቀረብን ቀኑ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዛወራል። በማግስቱ ፈርሞ መለሰው። ያን ያህል ቀላል ነበር። የስም ዝርዝሩንም ደብዳቤ ጻፈልን። ማመልከቻው ዲሴምበር ላይ ገባ፤ የሦስቱም ቪዛ ማርች ሳያልቅ ወጣ። እኔ ነኝ ይሄን ሁሉ ያሰናዳሁት፣ ደስ ይለኛል፤ ወንድሞቼ «አሁንም ገንዘባችንን ልትበትኚ ነው» ሲሉኝ ነበር።

ቦርዶን ትታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ለሴንት ኤሚልዮን ስጡ፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው ሥር በ12ኛው መቶ ዘመን ከአንድ የኖራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚገባው በአስጎብኚ ብቻ ስለሆነ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። እማዬ ላሊበላን ለገና ሁለት ጊዜ ተሳልማዋለች። የኛዎቹ ዙሪያቸው ተቆፍሮ እንደ ቤት የቆሙ አሉ፤ ይሄኛው ኮረብታው ሆድ ውስጥ ነው፣ ምሰሶዎቹ ከላይ ያለውን ማማ እንዲችሉ በብረት ታስረዋል። አስጎብኚዋ ስለ መነኩሴው ስለ ኤሚልዮን፣ በ8ኛው መቶ ዘመን እዚያ ዋሻ ውስጥ እንደኖረ ስትናገር ለእማዬ ነገርኳት። «ባሕታዊ ነው» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳውን ተሳለመች። አስጎብኚዋ ዝም ብላ ጠበቀቻት፤ ለዚያ አመሰግናታለሁ።

አባዬን ደግሞ ሶተርን ወደሚባለው የወይን አገር ወሰድነው። እዚያ የቀዝቃዛው የሲሮን ወንዝ ከጋሮን ጋር ሲገናኝ በመከር ጠዋት ጠዋት ጉም ይነሳል፤ ጉሙ ወይኑ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው የፍሬውን ውሃ ያደርቅና ስኳሩ ይከማቻል። የሚወጣው ወርቃማና የማር ጣዕም ያለው ወይን ጠጅ ነው። አባዬ አንዴ ቀመሰና «ይሄማ የደብረ ብርሃን ጠጅ ነው፣ ጌሾው ነው የቀረው» ብሎ ሁለት ጠርሙስ ገዛ። ስትሄዱ ግን የማይጠጣ ሹፌር መድቡ፤ ገደቡ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፣ ገጠር ውስጥም ታክሲ እንደልብ አይገኝም። ባለ 9 መቀመጫ መኪና በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል፤ ለ18 ሰው ሁለት በቂ ነው።

አንቺ ግን አሁን ስለ መኪናው አትጨነቂ። ውሉ ሲላክልሽ ሳትፈርሚ የክፍያው አንቀጽ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ስምና አድራሻውን ሸፍኚው። ቃሉን ብቻ አይቼ በዚያው ዕለት እመልስልሻለሁ።