ስለ ሲካ ታሪክ ጠይቁ

የዛሬው ርዕሳችን ሲካ ነው፤ ውሃ መከላከያና የኮንክሪት ኬሚካል የሚያመርተው የስዊዘርላንድ ኩባንያ። በሙያው የቆዩት ኢንጂነር ይመልሳሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ማን መሠረተው?

ኢንጂነር፦ ካስፓር ቪንክለር፣ በ1910፣ ዙሪክ ላይ።

ግንበኛው፦ በጎትሃርድ ዋሻ ነው ስሙ የገነነው ይባላል። ምን ሠርቶ ነው?

ኢንጂነር፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ጎትሃርድ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር ዋሻ ነው፤ የተከፈተው በ1882። ባቡሮቹ በእንፋሎት ይሄዱ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ ስዊዘርላንድ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረች። ግን ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ሽቦ ሊዘረጋ ነው። ተራ ሲሚንቶ ለመያዝ ሰዓታት ይፈልጋል፤ እስኪይዝ ውሃው ያጥበዋል። የቪንክለር ኬሚካል ግን ልስኑን በፍጥነት ያጠነክረዋል፣ ውሃ እንዳያሳልፍም ያደርገዋል። በ1918 ተሞከረ፣ ያዘ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ከ60 በላይ ዋሻዎች በዚሁ ተሠሩ። ኩባንያውን በእግሩ ያቆመው ይህ ሥራ ነው።

አደራ፣ ኬሚካሉ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ውሃው መውጫ ይኑረው፣ የሚቀባው ገጽ ይጽዳ።

ሰላም፦ የትኛው ምርት ይሻላል?

ኢንጂነር፦ ለምን? ለገንዳ? ለጣሪያ? ለምድር ቤት? ሳትነግሩኝ አልመልስም።

ነጋዴው፦ ሲካን እኮ ፈረንሳዮቹ ገዝተውታል።

ግንበኛው፦ ውሸት ነው፣ አልገዙትም!

ነጋዴው፦ የመሥራቹ ቤተሰብ ለሳን ጎባን፣ ለፈረንሳዩ የግንባታ ዕቃ አምራች፣ ሸጦላቸዋል፣ ዜናው ላይ ነበር።

ግንበኛው፦ የቤተሰብ ሀብት አይደል? ቢሸጡትስ?

ሰላም፦ የሌላው ባለአክሲዮንስ መብት?

ኢንጂነር፦ ቆይ፣ ቆይ። የመሥራቹ ዘሮች በ2014 መጨረሻ ድርሻቸውን ለመሸጥ ተስማሙ። ከካፒታሉ 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ግን ከግማሽ በላይ ድምፅ ይዞ ነበር። የሲካ ቦርድና አስተዳደር ተቃወመ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። በ2018 በስምምነት ተዘጋ። ሳን ጎባን የተወሰነ አክሲዮን ያዘ፣ ኩባንያውን ግን አልተቆጣጠረም። ያንንም በ2020 ሸጠ። በቃ፣ ወደ ሥራው እንመለስ።

ተማሪ፦ እኛ አገር አለ?

ኢንጂነር፦ አለ። ሲካ አቢሲኒያ ይባላል።

ሰላም፦ ለጣሪያ ነው የምፈልገው። ቤቴ ያፈሳል፣ የትኛውን ልግዛ?

ኢንጂነር፦ ሰላም፣ ቅድም ያልኩትን ልድገመው፤ ሳታዪ አትግዢ። ዝናብ እንዳባራ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ላይ ውጪ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ካለ መጀመሪያ ተዳፋቱ ይስተካከል። ከዚያ ጥጋጥጉን፣ ቧንቧ የሚያልፍበትን ቀዳዳና ስንጥቁን እዪ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚገባው በነዚህ ነው። ያየሽውን ጻፊልኝና ምርቱን ያኔ እናወራለን።